ንግሥትህን ለምን ሰጠህ?

ውድ ኣታኽልቲ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ነው የሚጀመረው። እኔ ግን "እንደምን አለህ" ብዬ ልጠይቅህ እጄ እምቢ አለኝ፤ መልሱን ፈራሁት። እኔ አለሁ። ሱቁም አለ። የስደት ካምፓችሁ ኡም ራኩባም እንደ ተውሃት አቧራዋን ለብሳ ተቀምጣለች። በወረቀት የምጽፍልህ ስልክህ ያንተ ስላልሆነ ነው። ቁጥሩ ያንተ ነው፤ ከስምህ ጎን ያለችው ፎቶም፣ ያቺ ፀሐይ ዓይንህን አስጨፍናህ የተነሣሃት፣ ያንተ ናት። የሚጽፍበት እጅ ግን የሌላ ሰው ነው።

"እንዴት አወቅሽ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንተ ማስረጃ ካልቀረበልህ ፀሐይ መውጣቷንም አታምንም። እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ግማሹን ብታውቀውም ስማኝ።

ያን አሮጌ ላፕቶፕህን ታቅፈህ ሱቄ የመጣህ ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ባትሪ ልታስሞላ መስሎኝ ነበር። እናንተ ከወዲያ ማዶ ሸሽታችሁ ከመጣችሁ ብዙም አልቆየም፤ ያንተ አገር ሰዎችና የወላጆቼ አገር ሰዎች ገና ይጋደሉ ነበር። እኔ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ብወለድም አፌን ስከፍት ጎንደሬነቴ ይታወቃል። ስለዚህ ከካምፑ ሰው ብዙው ስልኩን ይሰጠኝና ፊቱን ያዞር ነበር። አንተ ግን ሰላም ብለህ ቁጭ አልህ። ሁመራ ኮምፒውተር ታስተምር እንደ ነበር ነገርኸኝና፣ "ሁለት ቼዝ ተጫዋቾች ይዣለሁ፤ ሶላርሽ ላይ ላሳድራቸው?" አልህ። ሰዎች መስለውኝ ማደሪያ የለኝም አልሁህ። እስክትታመም ነው የሳቅኸው።

ለካ ፕሮግራሞች ናቸው። እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፣ ሰው ያያል።

"ሁለቱም አሠራራቸው አንድ ነው" ብለህ አስረዳኸኝ። "የሚለያዩት በሚወዱት ነገር ነው። ይሄኛው መምታት፣ መብላት፣ የባላጋራውን ንጉሥ ማሳደድ ይወዳል። ያኛው ቦታ ይወዳል።"

"ቦታ ይበላል?" አልሁህ።

"ቆይ፣ ታዪዋለሽ።"

አየሁ። የመጀመሪያው ካልታሰበ ጥሻ ብቅ ይልና ፈረሱን ይሰጣል፣ ግንቡን ይሰጣል፣ ብቻ ንጉሡ ላይ ይድረስለት። ስሙን ሽፍታ አልሁት። ሁለተኛው ምንም የሚያደርግ አይመስልም። አንዲት ወታደር አንድ እርምጃ ይገፋል። ፈረሱን ወደ ኋላ ይመልስና ሌላ ቦታ ያቆመዋል። ሰው ሲያየው ያዛጋል። ብዙ ቆይቶ ሽፍታው መንቀሳቀሻ ያጣል፤ መቼ እንደ ተያዘ እንኳ ማንም አያውቀውም። ነገሩ የገባው ማሽላ በሎሪ የሚያመላልሰው ጋሼ እስማኤል ነው። "ይሄማ ድንበር ገፊ ገበሬ ነው" አለ። "በኛ አገር እንዲህ ያለ ጎረቤት አለ። በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ወዳንተ መሬት ያርሳል። ለአንድ ትልም ማን ይጣላል? ዝም ትላለህ። አንድ ቀን ግን በሬህን የምታዞርበት ታጣለህ።" ከዚያ ወዲህ ስሙ ገበሬ ሆኖ ቀረ።

ሰዉ ሱቄ በር ላይ እየተሰበሰበ ያያቸው ነበር፤ ሁሉም የሽፍታው ደጋፊ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ግን ገበሬ ነው። የሽፍታው አመል ደግሞ ትዝ ይልሃል፤ የማያመልጠው ማት፣ የንጉሡ መያዝ፣ ሲመጣበት ያለውን ሁሉ መወርወር ይጀምራል። ቼክ፣ ንጉሥህን አድን፣ ብሎ ንግሥቱን ያስበላል፣ ቼክ ብሎ ግንቡን ያስበላል። ለምን ቢሉ፣ ለምንም።

"ሩቅ አያይም" አልኸን። "የሚያየው እስከ ተወሰነ እርምጃ ድረስ ነው። ክፉውን ነገር ከዚያ አሻግሮ ከገፋው የጠፋ ይመስለዋል።"

ሰዉ ሳቀ። እኔም አፌ መች ያርፋል፣ "እንደኛው ነዋ! እኛስ ያለንን የጨረስነው ዛሬን ብቻ እንለፍ እያልን አይደል?" አልሁ። አንተ ብቻ አልሳቅህም። "እሱ እንዲህ የሚያደርገው ክፉ ነገር ሲያይ ብቻ ነው" አልህ። "ሳያይ ንግሥቱን አይሰጥም።" ከዚያ ላፕቶፑን ከደንኸው።

አንተም ራስህ ሽፍታ ነበርህ። ቼዝ አስተምረኸኝ ከእኔው ጋር ስትጫወት፣ ንጉሤ ፊት ያለችውን ወታደር ባየህ ቁጥር ዓይንህ ይበራል። መብላቱ እንደማያዋጣህ እያወቅህ ትበላታለህ። ላፕቶፑ ስሕተት ነው ሲልህ "እሱ ደም የለውም" ትላለህ። አንድ ቀን "ይህችን ወታደር ሞቼም ቢሆን እበላታለሁ" አልህ። አታሟርት አልሁህ።

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቁረይሻ የሄድህ ዕለት ላፕቶፑን ለእኔ ትተህ፣ ልብስህን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረህ ሱቁ በር ላይ ቆምህ። እኅትህ ሸዊት አብሬ ካልሄድሁ ብላ ዓይኗ አብጧል። "ሸዊትን አደራ" አልኸኝ። "ምንም ቢመጣ በዚያ መንገድ እንዳትወጣ። እኔ ራሴ ነይ ብዬ ብልክ እንኳ።" ይህን ለምን እንዳልህ ያን ጊዜ አልጠየቅሁህም። "ታዲያ አንተስ?" አልሁ። "እኔ ሽፍታ ነኝ" አልህና ሳቅህ። አትሂድ ልልህ ነበር። ከሱ የበለጠም የምለው ነበረኝ። ሠራተኛ የጫነው ቦክሲ፣ ፒካፑ፣ ጡሩምባውን ነፋና ሳልለው ቀረ። አሁን ልበለው። እወድሃለሁ። ይኸው ጻፍሁት፤ እናቴ ብታነበውም ታንብበው።

በቀን አንድ እርምጃ በስልክ እየተላላክን እንጫወት ያልኸው አንተ ነህ። ለኔ ጨዋታው ሰበብ ነበር፤ ድምፅህን እሰማበታለሁ። የሰሊጡ አቧራ ጉሮሮህን ይዞህ እየሳልህ፣ "ሣህሊ፣ ተዘጋጂ፣ መጣሁብሽ!" ትላለህ። እኔም ድምፅህን ለሰዉ አሰማና እርምጃህን ሰሌዳው ላይ አኖራለሁ። ያን ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ሱቄ እንደ ሰርግ ቤት ይሞላ ነበር።

አንድ ቀን ድምፅህ ቀረ። "ማይኩ ተበላሽቷል" የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ እርምጃው። እኔ እኮ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ኣታኽልቲ። ያን ማይክ ልትሄድ ስትል በገዛ እጄ ቀይሬልሃለሁ። ይሁን፣ ዕቃ ነው፣ አቧራ ገብቶበት ይሆናል አልሁ። እርምጃው ግን ግር አለኝ። ዳር ያለች ወታደር አንድ ቦታ ተገፍታለች። በማግስቱ ፈረስህ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያም እንደዚሁ። አትመታም፣ አትፎክርም፣ አትቸኩልም። በየቀኑ አንድ ትልም።

ሰዉ ግን ወደደልህ። "ልጁ ሰከነ" አሉ። "ሥራ ሰው አደረገው፤ ጨዋ ሆነ።" እኛ መቼም የረጋ ሰው ካየን መመረቅ ነው የምናውቀው፤ ለምን ረጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጋሼ እስማኤል እንኳ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው" ብሎ አደነቀህ። እኔ ግን ሰሌዳውን ባየሁት ቁጥር የቀረኝን ቦታ እቆጥራለሁ። የንጉሤ መሄጃ እያነሰ ነው። ፈረሴ የሚረግጥበት የለውም። ከሰሌዳው ውጭ ያለውም በሱዳን ጦርነት እንደዚያው ይጠባል። የባሱንዳ መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ ገዳሪፍ ላይ ድሮን መጣ ተባለ፤ ሴቶቹ እንጨት ለቀማ ከካምፑ ራቅ ማለት ተዉ። ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ማንም አልጮኸም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ ያ መልእክት መጣ። "ሥራው ጥሩ ነው። ለሴቶችም አለ። ሸዊትን ሐሙስ በሚመጣው ቦክሲ ላኪያት።"

ሸዊት እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ አደራህን አሰብሁ። ግን ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ ካንተ ቃል ይልቅ የራሴን ፍርሃት እየሰማሁ ቢሆንስ? ስለዚህ ልፈትንህ ቆረጥሁ። ንጉሤ ፊት ያለችውን ያቺን ወታደር ጠባቂዋን አንስቼ አንተን በሚያሳብድህ መልክ አቆምኋት። ብትበላት ንግሥትህን ታጣለህ። ፕሮግራም ይህን ወዲያው ያያል። አንተም ታያለህ፤ አይተህም ትበላታለህ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ዳር ያለችው ወታደር አንድ ቦታ ተገፋች።

ላፕቶፑን ከፍቼ ገበሬን አስነሣሁና የተላላክነውን ሁሉ ከመጀመሪያው አሳየሁት። ድምፅህ ከቀረ ወዲህ የመጣው ሁሉ እሱ ራሱ የሚመርጠው ዓይነት ነው። የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ ጨዋታህን ለአንድ ፕሮግራም እየሰጠ የሚነግረውን ይልክልኛል። በዚያ በኩል አጋቾች ሰው ይይዙና በሱ ስልክ ዘመዱን ይጠራሉ፣ ዘመዱን ደግሞ በዘመዱ ይጠራሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ወሬ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ለሸዊት ነገርኋት። "በእንጨት ነው ወንድሜን የምትመዝኚው?" ብላ ጮኸችብኝ። "ሓወይ እኮ ነው! ወንድሜ ነው! ደክሞት ይሆናል። ፈርቶ ይሆናል። ሰው ሲፈራ አይረጋም?"

"ይረጋል" አልሁ። "ያቺን ወታደር ግን ይበላታል።"

"ብትሳሳቺስ? እዚያ ታሞ እየጠበቀኝ ቢሆንስ?"

ልብሷን እየቋጠረች ነበር፤ ሐሙስ ሩቅ አይደለም። ጋሼ እስማኤልን ጠርቼ ሁሉንም ነገርሁት። ሰሌዳውን ትቶ እኔን አየ።

"ወላሂ ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ልጅቷን ከላክሻት ሄደች በያት። አልልክም ካልሽ ደግሞ ልጁ ከእንግዲህ ምን ይረባቸዋል? እንዳወቅሽ አታሳውቂያቸው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ገበሬውን ሁኛ!"

እሺ፣ ሆንሁ። አንድ ትልም ገፋሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "ሸዊት ጠርጥራለች። ይሄ የወንድሜ አጨዋወት አይደለም፣ ወንድሜ እንዲህ ረግቶ አያውቅም ትላለች። እንደ ድሮህ ተጫወትና ልቧን አሳርፈው፤ ሐሙስ ትሳፈራለች።" ከላክሁት በኋላ ስልኩን ማየት ፈራሁ። በሕይወት ካለህ ሊያጫውቱህ ግድ ይሆናል። ከሌለህም መሞትህ ይታወቃል።

በማግስቱ የሰው ስልክ ፈትቼ ብሎኖቹ እጄ ላይ እያሉ መልሱ መጣ። "ንግሥት ወታደሯን በላች። ቼክ።" ከሥሩ፣ "በይ አሁን ሐሙስ ላኪያት።"

ሰዉ ሰሌዳውን አይቶ "አበደ! ያሸነፈውን ጨዋታ!" አለ። እውነታቸውን ነው። ገበሬን ጠየቅሁት። አንቀህ ይዘኸኝ ነበር፤ ትንሽ ብትታገሥ አልቆልኝ ነበር። አሁን ግን ከዚህኛው ጋር ሦስት ቼክ ብቻ አለህ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለህም። እኔ ሳቅሁ። ከሱቁ ጀርባ ሄጄ ደግሞ አለቀስሁ። አለህ! ሞቼም እበላታለሁ ያልሃትን ወታደር ሳትሞት በላሃት።

ደስታው ብዙ አልሰነበተም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ ንግግርህ መጣብኝ። ሽፍታው ንግሥቱን የሚሰጠው ክፉ ነገር ሲያይ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ደግሞ የሚያስፈራህ አንዳች ነገር አልነበረም፤ እያሸነፍህ ነበር። እንግዲያው ክፉውን ያየኸው ሰሌዳው ላይ አይደለም። አጠገብህ ቆመው "ላኪያት" ብለው ሲጽፉ፣ አንተ ከላዩ አትላኪያት ብለህ ጻፍህልኝ። የማይቀር ከሆነም ትንሽ ይገፋ ብለህ፣ በንግሥትህ ዋጋ ሦስት ቀን ገዛህልን።

ለሸዊት ሰሌዳውን አሳየኋት። ቼዝ ብዙም አታውቅም፤ ያቺን ወታደርና ያንተን ፉከራ ግን ታውቃለች። ጣቷን ንግሥትህ አናት ላይ አሳረፈች። "ከዚህ በኋላ ምን ያደርጉታል?" አለች። አላውቅም አልኋት። የቋጠረችውን ልብስ አነሣች። በዚያው ቀን በጋሼ እስማኤል ሎሪ ሄደች። ወዴት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ወረቀትም እጅ ይለውጣል።

ንግሥትህን በንጉሤ በላኋት፤ ሌላ እርምጃ አልነበረኝም።

ሐሙስ ቦክሲው መጣ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ መኪናው አጠገብ ቀረ፤ ሌላው ሱቄ ገባ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነው። ሰላምታውን በዐረብኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው።

"ሸዊት የምትባል ልጅ ልወስድ ነበር። ወንድሟ ነው የላከኝ።"

"ወባ ይዟት ክሊኒክ ተኝታለች" አልሁት። "ሲሻላት ትመጣለች።"

"አይዞሽ፣ አንቸኩልም። እንጠብቃለን።"

ከዚያ ሰሌዳውን አየ። ቆሞ ብዙ አየው። ዳር ያለችው ያቺ ወታደር ከቦታዋ ትንሽ ተዛንፋ ነበር። በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ መሐል ላይ አቀናት፤ ሰው የራሱን ዕቃ እንደሚያቀና። "ጥሩ ጨዋታ ነበር" አለና ወጣ።

ሁለተኛው ቼክ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ በፈረስ። ያንተ እጅ ነው። ገበሬ ቢሆን እንዲህ ከጠፋ ጨዋታ ላይ ፈረስ አይወረውርም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ጠዋት አለህ። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ትናንት ቼዝ የጀመረ ሰው ያውቀዋል። ሰዉም "ምን ትጠብቂያለሽ? ንጉሡን ወደ ጎን አድርጊው እንጂ" ይለኛል። ጋሼ እስማኤል ተመልሶ መጥቶ ሱቁን ዘግተሽ ነይ፣ ሎሪው ላይ ቦታ አለሽ ብሎ ለምኖኛል። ሱቁን ብዘጋ ግን ሸዊት እንደሌለች ያውቃሉ፤ አንተም በዚያው ታልቃለህ። ይህን ወረቀት ለሱ እሰጠዋለሁ። ስትመጣ ከሱ ትቀበለዋለህ።

"እያሰብሁ ነው" ብዬ ወደ ስልክህ ጽፌያለሁ። እኔ ካልመለስሁ ጨዋታው አያልቅም፤ ጨዋታው ካላለቀ ደግሞ የሚጫወትላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ከሦስተኛው ቼክ ወዲያ ያለውን ማየት አልችልም። እኔም ለካ እንደ ሽፍታው ሩቅ አላይም። ቦክሲው ሞተሩን አጥፍቶ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ያ ሰው መስኮቱን አውርዶ ወዲህ ያያል። ያየኝ እንጂ። ሰሌዳው ላይ አጎንብሼ፣ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ እያሰብሁ ነው፣ ኣታኽልቲ። ገና ብዙ አስባለሁ።

አደራህን ያልበላች፣
ሣህሊቱ